ከስምንት ሰዓት እስከ ሦስት ከአርባ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1965

ትምህርት ነበር። ወንድሜ ሽብሩ ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን።

የሂሳብ መምህራችን ባልቻ ክረምቱን አዲስ አበባ ስለ ኮምፒውተር ተምሮ መጥቷል። ማሽኑን ዲላ ማንም አላየውም። እኛ ግን ትእዛዝ እንጽፍለታለን... በደብተር። የዛሬው ሥራ፦ ሁለት ጉዞ፣ የአውቶቡስና የአውሮፕላን፣ ስጡት፣ የትኛው ረጅም ጊዜ እንደወሰደ ይንገራችሁ።

"ከእናንተ የባሰ ደንቆሮ ነው" አለ። "አንዱን ሁለት ሰዓት፣ ሌላውን ዘጠና ደቂቃ ብላችሁ ብትሰጡት ዘጠና ይበልጣል ይላችኋል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ደቂቃ።"

ከኋላ አንዱ፣ "ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ገዙት?"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

አባባ ሽማግሌዎቹን አነጋገረ። ቅዳሜ ይቀመጣሉ። ሾፌሩ ባህሩዲን ይጠየቃል።

ሽብሩ ጨለለቅቱ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ኅዳር 20 የጆንያ ክምር ተናደበት። በባህሩዲን የጭነት መኪና ዲላ ላኩት፣ ወደ ፈረንጆቹ ክሊኒክ። እኛ የሰማነው በማግስቱ ጠዋት፣ የክሊኒኩ ዘበኛ መጥቶ ሲያረዳን ነው።

የማጠቢያው ካቦ ወረቀት "በ8 ሰዓት ተላከ" ይላል። የክሊኒኩ ካርድ፣ ደረሰ 3፡40፣ ሞተ 5፡10። አባባ ፊደል አልቆጠረም። ያነበብኩለት እኔ። የቀነስኩትም እኔ። "ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ" አልኩት። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ መንገድ...

አባባ፣ "መንገድ ላይ ይርጋጨፌ ቆሞ ቡና ሲጭን ነው ልጄ ያለቀው" አለ።

ባህሩዲን ለለቅሶ መጥቶ ነበር። "ወላሂ ጋሽ ዘነበ፣ የትም አልቆምኩም። ከክሊኒኩ ወጥቼ ቤትዎ መጥቻለሁ። ባንኳኳ ሰው የለም።"

"ከምሽቱ ሦስት ከአርባ በኋላ ቤቴ ሰው የለም? ውጣልኝ።"

ቅዳሜ ከተፈረደበት በዚህ አገር ጭነት የሚሰጠው የለም አሉ። እሰይ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 4

እማዬ የሽብሩን ጫማ ለአንድ ለማኝ ሰጠች። ከዚያ ተከትላው ሮጣ አስመለሰችው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5



መምህር ባልቻ ደብተሬን መለሰልኝ። በቀይ የተሰረዘ። "የአውቶቡሱን በእኛ ሰዓት፣ የአውሮፕላኑን በፈረንጅ ሰዓት ሰጥቻችሁ ነበር። መነሻቸውን ሳታስማማ ቀነስክ። ማሽኑ እንደሆነ ዝም ብሎ ይቀንስልሃል፣ አያፍርም። የምታፍረው አንተ ነህ።"

አፈርኩ። ግን በእሱ አይደለም። ካርዱ ትዝ አለኝ። የፈረንጆች ክሊኒክ... በእንግሊዝኛ የተጻፈ...

ከክፍል ወጥቼ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ድሬሰሩን፣ ጋሽ ወልደዮሐንስን አገኘኋቸው።

"ካርዱን ማን ነው የጻፈው?"

"ፈረንጇ ሲስተር ናት።"

"በየትኛው ሰዓት?"

"በራሷ ነዋ። ይሄ ይጠየቃል?"

"እንግዲያ ሲመጣ ቀን ነበር?"

"ፀሐይ ነበር እንጂ። ዓይኔን ወጋኝ፣ መጋረጃውን ዝጉልኝ ብሎናል።"

ስድስት ሰዓት ስደምርበት ዘጠኝ ከአርባ። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ከአርባ መቶ ደቂቃ ነው። ባህሩዲን በርሮ ነው የመጣው። ቤታችንንም በቀን ነው ያንኳኳው። እማዬ ገበያ፣ አባባ አናጢነት ሥራው ላይ። ማን ይክፈትለት?

ከዘጠኝ ከአርባ እስከ አሥራ አንድ ከአሥር፣ ዘጠና ደቂቃ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሽብሩ በሕይወት ነበር። ብቻውን።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። ከትምህርት በኋላ ኳስ እንጫወት ነበር። ከጎሉ ጀርባ ያለው አጥር የክሊኒኩ ነው። ኳሷ አንዴ ዘላ ገባች። ዘበኛው መልሶ ወረወረልን።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ሁለት ጊዜ ልነግረው ወደ አባባ ሄድኩ። ሁለቴም ውሃ ሰጥቼው ተመለስኩ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሳስበው ባህሩዲን ብቻ። እሱን ደግሞ ማንም አያምነውም።

እሱን መጥላት ደግ ነበር። እንቅልፍ ይሰጠኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት ነገርኩት። ሁለቱን ወረቀቶች ፊቱ ዘርግቼ፣ ቀስ ብዬ። አባባ እስክጨርስ ሰማኝ።

"ስለዚህ ሰውየው አልዋሸም።"

"አልዋሸም አባባ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ወረቀቶቹን አጠፋቸው። "ልጄ አጠገባችን ተኝቶ ነበራ... አንተ በዚያን ሰዓት የት ነበርክ?"

"ሜዳ።"



ሽማግሌዎቹ ፊት አባባ ተነሥቶ ቆመ። "ሂሳቡን ልጄ ተሳስቶ ነው። እኔም አምኜ ሰው አስቀይሜአለሁ። ባህሩዲን ንጹህ ነው፣ ይቅር ይበለኝ" አለ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ "አሥረኛ ክፍል ነው ያላችሁኝ ይሄ ነው?" አሉ። አንገቴን ደፋሁ።

ባህሩዲን ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። "ይቅር ብያለሁ" አለ። ከዚያ፣ መሬት መሬት እያየ፦ "መንገዱን ሙሉ ቀስ በል ይለኝ ነበር። ባህሩ፣ ቀስ በል፣ ያመኛል... እኔ ደግሞ ላድርሰው ብዬ..."

አባባ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እጁን ያዘው። እስከዛሬ ሽብሩ ምን አለ ብለን አንዳችንም አልጠየቅነውም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አልሰደበኝም፣ አልተቆጣኝም። ግን ጠጋ ባልኩት ቁጥር እርምጃውን ያፈጥናል።