አባቴን አረንጓዴ ስላደረገው ፕሪንተር

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እያቀረብኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጊዜዎ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ በሚገባ ተረድቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም፣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ዳግመኛ እንዳይደክሙ አስቤ ነው።

እኔ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የእናቴ እይታ ከዕለት ወደ ዕለት እየጠበበ ሄዷል፤ ሐኪሟ ወደ ጎን ጠርቶኝ «ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን አሳዪያት፤ ለነገ አትበዪ» አለኝ። ቤት ገብቼ ምን ማየት እንደምትፈልግ ስጠይቃት ብዙም አላሰበች። «የአባትሽን ፊት» አለችኝ። ከሞተው አባቴ የቀረን መዳፍ ላይ የምታርፍ አንዲት የወጣትነት ፎቶ ብቻ ናት። የሠርጋቸውን ፎቶ ድሮ አንድ ፎቶ ቤት ስለጣለባት፣ እናቴ ይህችን ከቤት ማስወጣት አይሆንላትም። ስለዚህ ፎቶዋን ስካን አድርጎ፣ አጉልቶ፣ እዚያው ቤታችን የሚያትም፣ ለልብስ ሰፊ አቅም የሚመጥን ሦስት በአንድ ፕሪንተር ፍለጋ ወደ መደብርዎ መጣሁ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ሻጭዎን አመሰግናለሁ። ለፎቶ እንደምፈልገው ነግሬው፣ ቀለሞቹ ለየብቻ ይሞሉ እንደሆነ፣ ወፍራም ወረቀትም ይቀበል እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «እትዬ፣ ይሄ ልብስ ከማጠብ በቀር ሁሉንም ይሠራል» ብሎ ከመጠየቅ አሳረፈኝ። ዋጋውም ርካሽ ነበር። የረከሰበትን ምክንያት በራሴ እንድደርስበት መተዉ ለአእምሮዬ ያለውን ከፍተኛ ግምት ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ፎቶ አመሰግናለሁ። አባቴ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ግንባሩም ላይ ነጫጭ መስመሮች ተጋድመውበታል። እናቴ ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ብዙ ቆየችና፣ «ያኔ ታሞ ነበር እንዴ? ምነው ሳይነግረኝ?» አለች። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ሦስተኛ፣ የጥገና ክፍልዎ በስልክ ስለለገሰኝ ምክር አመሰግናለሁ። አንዲት ሠራተኛዎ እጅግ በሚጥም ድምፅ «የማጽጃውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑት» አለችኝ፤ ተጫንኩት። ማሽኑ ራሱን ባጸዳ ቁጥር ቀለሙን እየጠጣ ጨረሰው፤ ቀለም ሲያልቅበት ደግሞ ማተሙ ይቅርና ስካን ማድረጉንም እምቢ አለ። ፎቶን አይቶ ለመያዝ ቀለም ምን እንደሚሠራለት እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ቀለሙን ልገዛ ብመጣ «በቅርቡ ይገባል» ተባልኩ። በሥራዬ ብዙ ዓይነት ላስቲክ አይቻለሁ፤ እንደ መደብርዎ «በቅርቡ» ግን የሚለጠጥ አላጋጠመኝም።

በዚያ ሁሉ መሀል መቀመጫ አጣሁ። ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ እልና እነሳለሁ፤ መስኮቱን እከፍተውና መልሼ እዘጋዋለሁ። የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ ግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፋሁት፤ ፈትቼ ስሰፋው ደግሞ እዚያው መልሼ ገጠምኩት። እናቴ «አረፍ በይ እንጂ፣ ኮቴሽ እኮ አዞረኝ» ትለኛለች። እሷ ግን ግድግዳውን እየዳበሰች የጓዳውን በር ሳታገኘው ስታልፈው አያለሁ፤ አይቼም እንዳላየ ሆኜ በሩን ድምፁ እንዲሰማት አድርጌ እከፍትላታለሁ።

አራተኛውና ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ ለራስዎ ነው። በመጨረሻ ቢሮዎ ስገባ ቀና ብለው «ለቤት ፎቶ ደግሞ ይሄን ያህል ምን ያስቸኩላል?» አሉኝ። በተከበረ ቢሮዎ ማልቀስ ነውር ስለመሰለኝ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። አሁን ልመልስልዎ፦ የእርስዎን ቀለም ስንጠብቅ የእናቴ ቀኝ ዓይን ጠፋ።

የደረሰልን ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ግድግዳው ላይ የሚለጥፋቸውን የፀጉር ቁርጥ ፎቶዎች ራሱ ያትማል። እሱም የእርስዎ ደንበኛ የነበረ ሰው ነው፤ ያንኑ ፕሪንተር ገዝቶ፣ ዛሬ ትንንሽ ልጆችን ሲያስተካክል ወንበሩ ላይ ከፍ ማድረጊያ አድርጎታል፤ በእኔ ግምት ማሽኑ የተፈጠረለትን ሥራ አግኝቷል። ኋላ ከሌላ ቦታ የገዛው ማሽን ግን ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላ፣ ቀለሙም በየሱቁ የሚገኝ ነው። ፎቶዋ ከቤት እንደማትወጣ ስነግረው፣ አንዱን ደንበኛ ፂሙ ግማሽ እንደተላጨ አስቀምጦ፣ ማሽኑን ታቅፎ ደረጃችንን ወጣ።

አባቴ ገጹን ሞልቶ የሰው መልክ ይዞ ወጣ። እናቴ በቀረቻት ዓይን ወረቀቱን ከላይ ጀምራ ቁራሽ በቁራሽ አየችው፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን። ሸሚዙ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ቁልፉን አዛንፎ ቆልፎታል» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ፎቶዋን አቅፌ ስኖር አላየሁትም።» ከዚያ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩም፣ ደንበኛው ከታች ሲጣራ እየሰማ፣ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

በሌላው ሰው ጊዜ ላይ ስላሳዩት ወሰን የለሽ ትዕግሥት ደግሜ እያመሰገንኩ፣ መደብርዎ ከሚሸጠው ዕቃ የረዘመ ዕድሜ እንዲያገኝ ከልቤ የምመኝልዎ፣

የቀድሞ ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከመደብርዎ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መልእክት በስልኬ ደርሶኛል። እናቴ አንብቢልኝ ብላኝ ከሰማች በኋላ «ሰውዬው እናት አለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም። ካለችዎ ግን ፎቶዎን ዛሬውኑ በትልቁ አሳትመው ይውሰዱላት፤ ከመደብርዎ በተገዛ ፕሪንተር ብቻ እንዳይሆን አደራ።