ስለ ዘጠነኛው ጥያቄና በር ላይ ስለተንጠለጠለችው ካልኩሌተሬ

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ቪክሬይ
የታነር ሆሎ ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ኦሃዮ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔም ከመውደቄ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

በአረጋውያን መኖሪያ አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሴት ስሆን፣ ነርስ ልሁን ብዬ በመሠረታዊ ሒሳብ ክፍልዎ ተመዝግቤ ነበር። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ካልኩሌተር በእኛ ክፍል ክልክል፣ ከእኛ በላይ ባለው ክፍል ግን ግዴታ መሆኑን ስረዳ በጥበብዎ ተደንቄአለሁ። ምርኩዝ የሚገባው እግሩን ለታመመ ሳይሆን ለሯጭ መሆኑን እስከ ዛሬ ባለማወቄ አፍሬአለሁ።

፪. ካልኩሌተሮቻችንን በር ላይ በተንጠለጠለው የጫማ ማስቀመጫ ኪሶች ውስጥ እየከተትን እንድንገባ በመደረጉ አመሰግናለሁ። የእኔዋ የማን ጫማ እንደነበረበት በማላውቀው ኪስ ውስጥ ሴሚስተሩን ሙሉ በትዕግሥት ጠብቃኛለች።

፫. የማጠቃለያው ፈተና ከላይኛው ክፍል ተገልብጦ የመጣ ኖሮ፣ ዘጠነኛው ጥያቄ «ካልኩሌተር በመጠቀም የሰባትን ስኩዌር ሩት እስከ ሦስት አሥርዮሽ ቤት ፈልጉ» ይል ነበር። እጄን አውጥቼ ፈታኙን አቶ ብራንት ሎሚስን ብጠይቃቸው፣ «እኔ ምን ላድርግሽ እህቴ? ሕጉም ሕግ ነው፣ ጥያቄውም ጥያቄ ነው። ዝም ብለሽ ሥሪ!» አሉኝ። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና «መልሱ በሩ ላይ፣ ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ተሰጠኝ፤ በዚያች ዜሮም ከማለፊያው በታች ወረድኩ፤ የነርስ ትምህርት ቤቱ የያዘልኝ ቦታም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ለእርስዎ አቤት ስልም ጥያቄው በስህተት መግባቱን በክብር አምነው፣ «ሁሉም ተማሪ እኩል ስለተቸገረ አድልዎ የለበትም» የሚል መልስ ልከውልኛል። ያን መልስ ይዤ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፍትሕ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

በዚሁ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ እንድቀመጥ ዕድል ስለሰጡኝ ባለውለታዎ ሆኜ እኖራለሁ።

በጣቶቿ ቆጥራ የማትጨርሰው አክብሮት ያላት፣
ዶሪን ካስቲል

ማስታወሻ፦ በላይኛው ክፍል ያለ ካልኩሌተር መግባት ስለማይቻል፣ የእኔዋን በዚሁ ኮሌጅ እዚያ ለምትማረው ልጄ ለካሪሳ ሰጥቻታለሁ። ስለዚህ እኔ ደግሜ ስቀር ካልኩሌተሬ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛውራለች። ኮሌጅዎ ያስተማረው አልባከነምና እንኳን ደስ ያለዎት።