«በአገሩ የለም» ስለተባለው የሮለር ብሎን

ለተከበሩ አቶ አሸር፣ የሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል (ማትናስ) የሮለር ጫማ ቡድን ኃላፊ፤
አሽዶድ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎንም አይመምዎ፤ በተለይ ግን የማስታወስ ችሎታዎ እንዲበረታ ከልብ እመኛለሁ። በዕብራይስጥ ብጽፍልዎ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን የዋሹኝ በአማርኛ ስለሆነ፣ አክብሮቴን በዚያው ቋንቋ ልመልስልዎ ብዬ በማትናሱ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የማያውቀን አንባቢ እንዳይቸገር፣ እኔ ሱፐር ውስጥ ኩፓ ላይ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ የምሠራ፣ ሮቫ ሄ የሚባለው ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እርስዎ ለቅሶ ቤት ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ ሐዘኑ ሲያበቃም «ልጄ፣ ቤት ተቀምጠሽ ከምታለቅሺ ነይ ጎማ ላይ ቁሚ» ብለው ጠሩኝ። እጄን ይዘው በባሕሩ ዳር አስተማሩኝ። ስወድቅ አነሱኝ። እኔም ሳላስበው «አባ» እልዎ ጀመር። ስለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ እውነተኛ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ምስጋና ግን እርስዎ እንደ ወደዱት ይተርጉሙት።

አንደኛ፣ የከተማው ውድድር ሲቃረብ፣ ጎማዎቹን የሚሸከመውን ብረት ከቀኝ ጫማዬ ሶል ጋር የሚያጣብቀው ብሎን በልምምድ ላይ ወድቆ ጠፋ። ያለ እሱ ብረቱ ይወላገዳል፣ ሰውም ይሰበራል። ወደ እርስዎ ስመጣ «ይህ ብሎን በአገሩ የለም፤ ፋብሪካውም መሥራት ትቷል። ቢኖረኝማ ከራሴ ጫማ ነቅዬ እሰጥሽ ነበር» አሉኝ። የራስዎን ጫማ እስከ መንቀል ስለደረሰው ቸርነትዎ እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፣ በእርስዎ ምክንያት ከተማዬን በሚገባ አወቅኋት። ሮቫ አሌፍ ካለው የብረታ ብረት ሱቅ የገዛሁት ብሎን ረዝሞ ሶሉን በስቶ ተረከዜን ወጋኝ። የብስክሌት ጠጋኙ የሰጠኝ ደግሞ ጥርሱ አልገጥም አለ። በመጨረሻ አንድ ጫማ ሰፊ አዝኖልኝ በሽቦ አሰረልኝ፤ ሽቦውም እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በታማኝነት አገለገለኝ። ጉልበቴ ተልጦ እያነከስኩ ስመጣ ቁስሌን በገዛ እጅዎ አሰሩልኝ፣ ከንፈርዎንም መጠጡልኝ። «ዘንድሮ ይቅርብሽ፣ ልጄ» አሉኝ። አለቀስኩ፤ ቀረሁም። ያን ሁሉ ሱቅ ስዞር፣ ስወድቅና ስደማ እያዩ ፊትዎ አለመለወጡ የሚደነቅ ነው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። በውድድሩ ቀን ለጓደኞቼ ላጨበጭብ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ሊጀመር ሲል የቡድናችን ልጅ ኖጋ ጫማዋ ላልቶባት ወደ እርስዎ መጣች። ከሸሚዝ ኪስዎ ትንሽ ላስቲክ አውጥተው መዳፍዎ ላይ አራገፉ፤ ያ በአገሩ የለም የተባለው ብሎን ከነሮንዴላው ተዘረገፈ። ቀና ሲሉ አዩኝ። ከዚያ አጎንብሰው የኖጋን ጫማ ማጥበቅ ቀጠሉ። በእኔ ቦታ ኦሪያን ተሰልፋለች፤ አባቷ የቡድኑን ማልያ በገንዘባቸው ያሠሩልን ሰው ናቸው። ልጅቱ ምንም አላጠፋች፤ ጎበዝ ናት።

ኖጋ ስታየኝ «አንቺ! ሥራ በዝቶባት በራሷ ፈቃድ ተወች ተብለን ነበር እኮ» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች፤ «እኔም አልሮጥም» አለች። ለምኜ አስነሳኋት። ሮጣ ስትጨርስ ላቧን ሳትጠርግ መጥታ እጇን ዘረጋችብዎ፤ እርስዎም ከላስቲኩ አንድ ብሎን አውጥተው ሰጧት፤ እሷም በእኔ መዳፍ ላይ አኖረችው።

አቶ አሸር፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። «ቦታሽን ለሌላ እንድሰጥ ተገድጃለሁ» ቢሉኝ ኖሮ አዝኜ እቀበልዎ ነበር። ያኔ አጠገቤ ቆመው «አጠፋሁ» ቢሉኝም ይበቃኝ ነበር። እርስዎ ግን መኪናዎን አስነስተው ሄዱ። የተረፈኝን አባት ይዘውብኝ ሄዱ።

ብሎኑ ገጥሟል። አርብ አርብ ከኖጋ ጋር በባሕሩ ዳር እንንሸራተታለን፤ ሌሎች ሴቶችም ተቀላቅለውናል። ከቡድንዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ በራሴ ፈቃድ መልቀቄን አስታውቃለሁ፤ ለልጆቹ የነገሯቸው ነገር ዘግይቶም ቢሆን እውነት ይሁንልዎ ብዬ ነው።

ለዋሉልኝም ላልዋሉልኝም ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ጉልበቴ የፈቀደልኝን ያህል፤
አገኘሁሽ

ማስታወሻ፦ እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ይህን አታነበውም፤ እኔም አልነገርኳትም። «ያ ደግ ሰው ምነው ጠፋ? ለሲግድ በዓል ይምጣና ልመርቀው» እያለች ነው። እባክዎ ይምጡላት። እሷ ስትመርቅዎ እኔ ከጎንዎ ቆሜ «አሜን» እላለሁ፤ እርስዎም ከቻሉ ይበሉ።