ጠይቀው ነበር፣ ጋሼ ጀማነህ

ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 2021

ውድ ጋሼ ጀማነህ፣

ሞሚና እባላለሁ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ ያን ቀን ደረቴ ላይ ተለጥፎ ነበር እንጂ አልነገርኩዎትም። ፊቴንም ቢሆን ግማሹን ነው ያዩት፣ ሁለታችንም ማስክ አድርገን ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ በዲቪ ከመጣሁ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። በፌብሩዋሪ የበረዶ መሰርሰሪያውን የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን እውነት ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ዘጠኝ ወር ይዤው ከረምኩ።

ያኔ የምሠራው አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ፣ ጫማ ክፍል ነበር። የዓሣ ማጥመጃውን ክፍል የሚይዘው ዌይን የሚባል በዕድሜ የገፋ አሜሪካዊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠምድ የኖረ ሰው። በዚያ ሳምንት ኮቪድ ይዞት ቤቱ ዋለ። ማኔጀሩ መጥቶ፣ አንቺ እዚያ ቁሚ፣ ሰው ከጠየቀሽ ሳጥኑ ላይ ያለውን አንብቢለት አለኝ። እኔ ደግሞ ጠጥሮ መሬት የሆነ ሐይቅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሰው በላዩ ሄዶ፣ ቀዳዳ በስቶ ዓሣ ያወጣል ሲሉኝ መጀመሪያ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መሰርሰሪያዎች ቀና ብለው እያዩ፣ ይሄ ምን ያህል ይከብድ ይሆን ብለው ለራስዎ በአማርኛ ሲናገሩ ሰማሁና «ጋሼ፣ ላውርድልዎ?» አልኩ። ደንገጥ ብለው ዞሩ፤ ከዚያ ዓይንዎ ሳቀ። ወዲያው ማውራት ጀመሩ። ባለቤትዎ ካረፉ ሦስት ዓመት እንደሆነ፣ ኮቪድ ከመጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ቤትም መሄድ እንደተዉ፣ ኦቤትስ ሰፈር ያለው ቤትዎ ውስጥ ብቻዎን ሲሰለችዎ አንድ ጎረቤትዎ ባክአይ ሐይቅ ይዞዎት እንደሄደ ነገሩኝ። በረዶው ላይ ትንሽ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ፣ ማንም በማይተነፍስብዎ ቦታ ቀኑን ሙሉ ክር ይዞ መጠበቅ። በሽታ ከመጣ ጀምሮ ደስ ያለኝ እዚያ ብቻ ነው አሉኝ። አሁን የራስዎን መሰርሰሪያ ሊገዙ ነው የመጡት።

ማማረጥ ጀመርን። አራት ነበሩ። በእጅ የሚዞረውን ገና ሳላወርደው ተዪው አሉኝ፤ ጎማ ቤት ሲሠሩ ቀኝ ትከሻዎ ተጎድቶ ኦፕሬሽን ሆነው ነበር። ሁለቱ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ትንሹን በሁለት እጅዎ ይዘው ከፍ ዝቅ አደረጉትና ወደዱት። አራተኛው በቤንዚን የሚሠራው ትልቁ ነው። የስለቱን ስፋት በመዳፍዎ ለኩ።

«እዚያ የማወጣው ዓሣ ከመዳፌ አይበልጥም» አሉ። «በረዶውም ቢወፍር አንድ ስንዝር ነው። ይሄን የሚያህል ሞተር ምን ያደርግልኛል?»

ትክክል ነበሩ። ደግሜ ልጻፈው፣ ትክክል ነበሩ። ትንሿ ባትሪ ትበቃዎት ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን በአጠገባቸው ሳልፍ ዌይን ለአንድ ደንበኛ ባትሪ በብርድ ይሞታል ሲል ሰምቼ ነበር፤ ያችኑ ይዤ ባትሪዋን አጣጣልኩብዎና ትልቁን አስያዝኩዎ። ባትሪውን ኮት ውስጥ አሙቆ ከያዙት ምንም እንደማይሆን፣ ዌይንም ቀጥሎ የሚለው ይህንኑ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው።

ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ትልቁን በመሸጤ የማገኘው ነገር አልነበረም፣ የገፋፋኝም ሰው የለም። ግን እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ጠያቂ ነበርኩ፤ አውቶቡሱን እጠይቃለሁ፣ ፎርሙን እጠይቃለሁ፣ ስልክ ላይ የሚሉኝ ስለማይገባኝ ይደገምልኝ እላለሁ። እርስዎ ግን «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላውቅም ማለት አቃተኝ።

ሳጥኑን ወደ ካሸር እየገፋሁልዎ ሳለ ጋሪውን በእጅዎ ይዘው አስቆሙት።

«ቆይ እስቲ። እኔ የምቀመጠው ድንኳን ውስጥ ነው። ዘግቼው ልሠራበት እችላለሁ? ሞተር ነው እኮ፤ ጭሱስ?»

«ይቻላል፣ ጋሼ» አልኩ። «እንዲያውም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲያልፉ አያጥፉት፤ በብርድ እንደገና አይነሳልዎትም።»

ትንሽ አሰቡ። ካልሽ እሺ አሉና መርቀውኝ ሄዱ። ሳጥኑ ጎን ላይ፣ ዝግ ቦታ ውስጥ አታስነሱት የሚል በትልቁ ተጽፎበት ነበር። ማኔጀሩ አንብቢ ያለኝን አላነበብኩትም።

ማክሰኞ ዌይን ተመለሰ። እኔ ጫማ ክፍል ገብቼ ዋጋ እለጥፋለሁ፤ እሱ ከማኔጀሩ ጋር ቆሞ ያወራል። ቅዳሜ ዕለት ባክአይ ሐይቅ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ከድንኳን ውስጥ ጎትተው አወጡ አለ። እዚያ አጠገብ የሚያጠምዱ ሁለት ሰዎች ናቸው ያገኟቸው፤ የሞተሩ ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲያጉረመርም ቆይቶባቸው ግራ ገብቷቸው ሄዱ። ሲከፍቱት ሽማግሌው በጎናቸው ወድቀዋል፣ ግራ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀዳዳው ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ነው፤ መሰርሰሪያው እግራቸው ሥር ቆሞ ይሠራል። እስካሁን ሆስፒታል ናቸው፤ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም አለ።

ዌይን ንግግሩን ሲጨርስ ወደ እጄ አየሁ። አንዷን የጫማ ሳጥን ዙሪያዋን በዋጋ ወረቀት ሸፍኛታለሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ፤ ማልቀስም አልመጣልኝም።

በዚያው ሳምንት ልጅዎ ሄራን መጣች። እንደ እርስዎ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች። ማን እንደሸጠልዎ ትጠይቃለች። በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው። አባቴ ከግድግዳ ላይ ራሴ አውርጄ ገዛሁት ይላል፤ አባቴ ግን ሰው ሳይጠይቅ የጥርስ ሳሙና እንኳ የሚገዛ ሰው አይደለም አለች። ከዚያ እኔን አየችኝና በአማርኛ «አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ጫማ ክፍል ነኝ» አልኳት።

በሕይወት መኖርዎን ከእሷ አፍ የሰማሁት ያኔ ነው። ራሴ አውርጄ ገዛሁት ማለትዎን ስሰማ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ያዘኝ። እያወቁ የሸፈኑልኝ መሰለኝ። ያገሬ ልጅ ናት፣ ከሥራዋ አትባረርብኝ ብለው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ተጽናናሁ። በማላውቀው ሰው ቸርነት ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ።

ኤፕሪል ላይ ራስዎ መጡ። ከሩቅ ሳይዎት ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ዌይን ገብቶ፣ አንድ ሰውዬ የኢትዮጵያዋን ልጅ ይፈልጋል ሲለኝ፣ የለችም በልልኝ አልኩት። እርስዎ ጫማ የሚለካበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ፣ ጋሼ። በመጋዘኑ በር ላይ ባለችው መስኮት አይዎት ነበር። ከስተዋል። ኮፍያዎን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ የሚያልፈውን ሠራተኛ ሁሉ ቀና ብለው ያያሉ።

ከሄዱ በኋላ ዌይን መጣና ሊነግረኝ ፈለገ። ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። «ያን ሳምንት ከጭንቅላቱ ጠፍቶበታል» አለኝ። «እዚህ እንደመጣና አንዲት ያገሩ ልጅ እንዳነጋገረችው ብቻ ነው ትዝ የሚለው። ምን እንደጠየቀና ምን እንደተባለ አያስታውስም። ሴት ልጁ፣ አደጋው ሳይደርስም አእምሮህ መድከም ጀምሮ ነበር ትለዋለች። ጤነኛ ሰው ድንኳን ዘግቶ ሞተር አያስነሳም ትለዋለች። ያን ቀን እንደ ጤነኛ ሰው አውርቶ እንደሆነ ልጅቷን ልጠይቃት ብሎ ነው የመጣው።»

አልሸፈኑልኝም ነበር። አያስታውሱም ነበር፤ ራሴ አውርጄ ገዛሁት ማለትዎም ግምት ነበር። ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ዌይን፣ የምታውቂው ነገር ካለ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው አለኝ። ምንም የማውቀው የለም አልኩት። በወሩ ያን ሥራ ለቅቄ ኒው አልባኒ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ገባሁ፤ ዌይንን ማየት አልቻልኩማ።

እንግዲህ ባለፈው ሰኞ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ከዓለም ጋር ተቀምጠናል። ዓለም እናንተ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ልጅ ናት። ወሬ ስታመጣልኝ፣ ጋሼ ጀማነህ የሚባሉ አባት ቤታቸው ተሸጠ አለች። ልጃቸው ቁልፋቸውን ቀምታ፣ ቤቱን አሽጣ፣ አፐር አርሊንግተን እሷ ጋ ወስዳቸዋለች። ምን ታድርግ፣ ቀድሞውንም ጭንቅላታቸው ተነክቶ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ሞተር አስነስተው ሊሞቱ ነበር እኮ አለችኝ። ሰዉ ሁሉ እንደዚያ እንደሚል ነገረችኝ።

ቤትዎ መሸጡን እንደ ሌላ ሰው ወሬ እየበላሁ ሰማሁት። ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

«አልተነኩም» አልኩ። «እሳቸው ጠይቀው ነበር። ጭሱስ ብለው ጠይቀውኛል። ይቻላል ያልኩት እኔ ነኝ።»

የሄራንን ቁጥር ፈልጊልኝ አልኳት። ሺፍቴ እንዳለቀ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ኮል አደረግኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አራቱን መሰርሰሪያዎች፣ የወደዷትን ባትሪ፣ ጋሪውን በእጅዎ ማስቆምዎን። መሃል ላይ አስቆመችኝ።

«እንደገና በይው። ቀስ ብለሽ። ዳዲ ጠይቆሻል?»

«ጠይቀውኛል።»

ከዚያ ማልቀሷን ሰማሁ። ለሐኪሙ፣ ከአደጋውም በፊት ግራ ይጋባ ነበር ብላ የተናገረችው እሷ እንደሆነች፣ ፋይልዎ ላይ እንደዚያ ተጽፎ እንዳለ፣ ቁልፍዎን ስትወስድ «ምን አጠፋሁ?» ብለው እንደጠየቋት ነገረችኝ። ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ፤ ቤቱን ግን ልመልሰው አልችልም፣ ሰው ገብቶበታል አለች። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

«እኔን አትጠይቂኝ። ጫማ ክፍል ነኝ ብለሽኛል። ለእሱ ጻፊለት። ከአደጋው ወዲህ ብትነግሪው ማታ ይረሳዋል፤ ወረቀት ላይ ካለ ግን ነገም ያነበዋል። እኔ አማርኛ መጻፍ አልችልም።»

ለዚህ ነው የጻፍኩልዎ፣ ጋሼ። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አእምሮዎ ሙሉ ነበር። እርስዎ የመረጡት ትክክለኛውን ነበር፣ አስለወጥኩዎ። አደጋውን ከሁላችንም በፊት አስበው ጠየቁ፣ የማላውቀውን መለስኩልዎ። ልጅዎን ዋሸኋት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ከበር ጀርባ ቆሜ አየሁዎት። ይህን አሁን ሄራንም ዓለምም ያውቃሉ፤ እሑድ ዓለም ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ትነግራለች፣ ስሜን ጠርታ እንድትናገር ነግሬያታለሁ።

የጻፍኩት በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ነው። በሚያነቡበት ቀን የሚሰማዎትን ጀርባው ላይ ይጻፉት፤ ቁጣም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን። ቀኑንም ያስፍሩበት። በማግስቱ ሲያነቡት ሌላ ነገር ከተሰማዎ የፊተኛውን ሳይሰርዙ ከሥሩ ይጨምሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ሄራን ከፈቀደች እመጣለሁ፤ የጻፉትንም ሁሉ፣ እንዳለ፣ ፊትዎ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ያን ቀን አላውቅም ማለት የነበረባት፣
ሞሚና