ዓይኗን ያጣችው ሴት

ለታናሽ እህቴ ለመኪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ክረምቱ እንዴት አደረገው? ባልሽ አብዱልገኒስ ከሳሉ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አራተኛ ፎቅ እየወጣሁ እየወረድኩ አለሁ። እግሬ ደህና ነው፤ ምላሴም እንደምታውቂው ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ለምታነብልሽ ለልጅሽ ለሪሀና አንድ ቃል አለኝ። ሪሀናዬ፣ እናትሽን የሚያስቀይም መስመር ላይ ስትደርሺ እንዳትዘዪው። ባሌ ሐሩን ከአሰብ የጻፈልኝን ደብዳቤ ያነበበልኝ ጎረቤት ሰላምታውን አንብቦ ሌላ ሚስት ማግባቱን ዘለለው። አዘነልኝ አሉ! ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ እኔ ሰባት ወር መምጫውን ስጠብቅ ከረምኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ከ«ሀ» የጀመርኩት ለዚህ ነው።

መኪያ፣ ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ደውለሽ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዓይንሽን እንዳታስነኪ፤ እዚያው የካ አባዶ አንዲት ሴት የዓይን ሞራ አስገፍፋ ዓይኗ ጠፍቶ ቀረ» አልሽኝ። ያቺን ሴት እኔም ከሁሉ አፍ ሰምቻታለሁ። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት የሆነው ጎረቤቴ ሃረገወይን ሐኪም ቤት ስለ ሞራው የሰጡኝን ወረቀት ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችና «ጥሩ፤ ግን ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ወረቀቱ አልኳት። «ወረቀት ምን ያውቃል? እኔ የምልሽ ሰው ነው፣ ሰው!» አለች። ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ፤ ስታመም ሾርባ ይዛ የምትገባው እሷ ናት። ግን እዚህ ሕንጻ ላይ የሰው ስም ያልተለጠፈበት ነገር አይታመንም። ስም ካለው ውሸትም ቢሆን ፎቅ ለፎቅ ይዞራል።

እኔም ተናደድኩ። ነገሩ በሰው ከሆነ በሰው ልጠይቅ ብዬ ያቺን ሴት ፍለጋ ወጣሁ። ከየት ሰማሽ ስላት ሃረገወይን ከባለሱቁ ከሰዲቅ አለችኝ። ሰዲቅን ያዝኩት። «እማማ ሀጀር፣ እኔ ስኳር ሻጭ ነኝ እንጂ ዓይን ሻጭ ነኝ እንዴ? ሃይደርን ይጠይቁት» አለኝ። ሃይደር ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ዕቃ የሚያመጣለት ሹፌር ነው። ሦስት ቀን ጠብቄ መኪናው በር ላይ ቆምኩ።

«እውነት ነው እናቴ» አለኝ። «ኮምቦልቻ ለቅሶ ቤት ነው የሰማሁት፤ ያ ባለዳቦ ቤቱ ሰውዬ የሞተ ጊዜ። ሴትየዋ ወሎዬ ናት። የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባሏ አሰብ ሌላ አግብቶ የቀረባት ናት አሉ። ግራ ዓይኗ...» አለና ግራ ዓይኔን አየ።

ባለዳቦ ቤቱ የማን የግድግዳ ጎረቤት ነው፣ መኪያ? በዐረፋ ማግስት አጠገባችን ከሚሠራው ሕንጻ ሲሚንቶ ዓይኔ ገብቶ «አሽገውልኛል» ብዬ በስልክ ለማን ነበር የነገርኩት? አንቺ ለቅሶ ላይ «የእህቴ ዓይን ታሸገ» አልሽ፤ ቀጥሎ የተቀመጠችው «ጠፋ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለችው «ሐኪም ነው ያጠፋው» ብላ ጨመረችበት። ዓይኔ አገር ዞሮ ዞሮ አንቺው ጋ ተመለሰና አንቺው ደውለሽ በራሴ ዓይን አስፈራራሽኝ! ዓይኗን ያጣችው ሴት እኔ ነኝ። ይኸው በሁለቱም እያየሁ እጽፍልሻለሁ፤ ግራው ግን በሞራው ምክንያት ፊደሉን ጭጋግ ያለብሰዋል።

ሐኪሞቹ ሞራውን ያዩት ያን ጊዜ ሲያሽጉልኝ ነው። ቀጠሮዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ሐኪም ቤት ነው። ዶክተሩ ወጣት ነው። «እማማ፣ አስታማሚ የለዎትም? ለእሳቸው ላስረዳ» አለኝ። ዓይኑ የእኔ ነው፣ ለእኔ አስረዳኝ አልኩትና ደብተሬን አወጣሁ። ጥያቄዬን ጽፌ ነበር የሄድኩት፤ ሊጠፋ ይችላል ወይ ብዬ። አልዋሸኝም። «ከብዙ ሰው አንዱን ሊጎዳ ይችላል፤ ካልተሠራ ግን እየጨለመ መሄዱ አይቀርም» አለኝ። ያለውን እዚያው ፊቱ ጻፍኩት።

ስለዚህ ከነገ ወዲያ ሐሙስ አሠራዋለሁ። እንዳትደውይ፤ ብትደውዪም ሐሳቤን አልለውጥም። አልፈራሁም አልልሽም። ፊደል በስተርጅና ያገኘሁት ሰው ነኝና መልሶ ማጣቱ ያስፈራኛል። ቢጠፋ ግን ራሴ ጠይቄ፣ መልሱን ራሴ ሰምቼ ይጥፋ። ሰው አዝኖልኝ የዘለለው መስመር አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ሃረገወይንም ያቺ ሴት እኔ መሆኔን ስነግራት «ምናልባት ሌላም ትኖር ይሆናል» አለችና ሐሙስ ቦርሳሽን እይዛለሁ አለች።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ራሱ ሃይደር ነው። ወሬውን ያመጣ መልሱንም ይውሰድ ብዬዋለሁ። አንቺም ለቅሶ ላይ አብረውሽ የተቀመጡት ሴቶች ቤት ሂጂና ሴትየዋ እህትሽ መሆኗን፣ ዓይኗም ቦታው መሆኑን ንገሪያቸው። «ማን ነገረሽ?» ካሉሽ ይህን ወረቀት አሳዪያቸው።

አብዱልገኒን «በርታ» ከማለት ይልቅ ሳሉን ሐኪም ይየው በይልኝ። ትንሹን ሙስአብን ጉንጩን ሳሚልኝ። የባለዳቦ ቤቱን ሚስት አላህ ያጽናሽ በያት፤ ለወሬው አልተቀየምኳትም። ሪሀናዬ፣ ላንቺ ከሁሉም የበለጠ ሰላምታ። የዘለልሽው ካለ አሁን ተመልሰሽ አንብቢላት።

እህትሽ ሀጀር
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.