ጉልበት የሳምሁበት ዕርቅ

ወረታ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

የአለቃችንን የአቶ ደምሴን ጉልበት ስሜ ቀና ስል የአስካለን ፊት አየሁ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው።

በፎገራ ሜዳ ላይ ላሉት የዩኒቨርሲቲው እርሻ ሠራተኞች፣ ጠብን ተነጋግሮ ስለ መፍታት የማስተምረው እኔ ነኝ። ዛሬ በማስተምርበት ክፍል፣ በሠራተኞቹ ፊት፣ አቶ ደምሴ፣ «እንዲህ ያለች ባለጌ ስለ ዕርቅ ታስተምረን?» ብለው ሰደቡኝ፤ መልሰውም ካዱ። ታይፒስቷ አስካለ ብቻ ተነሥታ፣ «ብለዋታል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች።

ሽማግሌው ዘበኛ፣ «ተይ እንጂ ልጄ፣ ታላቅሽ ናቸው፤ ጉልበት ስመሽ ይለፍ» አሉኝ። ሳምሁ።

አቶ ደምሴ ወደ አስካለ ዞረው፣ «እሷ ይቅርታ ጠይቃለች፤ እንግዲህ ውሸታሟ አንቺ ነሻ!» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እኔ፣ አስተማሪዋ፣ አልመሰከርሁላትም።

ከሥራዋ ሊያስወጧት ነው። ነገ በዚያው ክፍል ቆሜ ስድቡን ቃል በቃል እደግመዋለሁ። እውነቱ ሳይነገር ታናሽ የሚንበረከክበትን ዕርቅ ከእንግዲህ አልቀበልም።