የአባባ የብስክሌት ደወል

ለወንድሜ፣

ያጨበጨቡልህ ጊዜ ነው ያበቃልን። ማይክራፎኑን ጨብጠህ፣ “ድርጅት ያሳደገ ሰው የሚማረው ይህንን ነው፤ ያጠፋን ሰው የገዛ እህትህም ብትሆን ታሰናብታለህ” ስትል አዳራሹ ጭብጨባውን አቀለጠው። እማዬም አጠገቤ ሆና አጨበጨበች።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ጉሮሮህን ማለቴ ነው፤ ብዙ አደከምከው። እኔ እንደምትጠላው ደህና ነኝ።

የክሊኒኮችን መረጃ በኮምፒውተር የሚይዘውን ድርጅታችንን ጓዳ ውስጥ ስንጀምር የአባባን የብስክሌት ደወል ጠረጴዛችን ላይ በብሎን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ሕጉንም ያወጣሁት እኔ። ሲስተሙን ያበላሸ ሰው ደወሉን መትቶ “እኔ ነኝ” ይላል፤ ማንም አይቆጣውም፤ ሁሉም ተረባርቦ ያቃናል። ጺማሙ ፕሮግራመራችን፣ “እዚህ ቤት ሌባ እንኳ ቢገባ ደውሎ ነው የሚሰርቀው” እያለ ያስቀን ነበር። ደንበኛ ያመነን ስለማንደብቅ ነው፤ ያደግነውም በዚያ ደወል ነው።

የክሊኒኮቹ መረጃ በሙሉ የጠፋ ዕለት ደወሉን መታሁት። ጣቶችህ ገና ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ገንዘብ ሊያፈስሱ የመጡት ሰዎች ከመስታወቱ ማዶ ቆመዋል፤ ፊትህ አመድ መስሏል፤ ዓይንህ ይለምነኛል። በኋላ ደረጃው ላይ ይዘኸኝ፣ “ውለታሽን አልረሳም፣ እቴ” አልከኝ። እውነትም አልረሳህም። ሳይውል ሳያድር የመግቢያ ካርዴን አዘጋህ፤ ዘበኛው ዓይኔን ማየት አፍሮ “ታዝዤ ነው፣ እህቴ” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ደወሉን የመታ የለም አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሁሉም ያበላሸውን ሸፋፍኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ድርጅትህም እንደ ነቀዘ ጥርስ ከላይ ነጭ፣ ከውስጥ ባዶ ሆኗል። ይህቺን ትምህርት መድረኩ ላይ ዘለልካት።

አሁን ደግሞ ሲስተሙ ዳግመኛ ወድቆ የደንበኞቹ አቤቱታ ሲያንቅህ እማዬን ላክህብኝ። “ከድሮ ስህተቴ የተረፈ ነው ብላ ትናገርልኝ፤ የእሷ ስም እንደሁ አንዴ ጎድፏል” ብለሃታል። እማዬን አስቀምጬ፣ መረጃው የጠፋ ዕለት ኪቦርዱ ላይ የነበሩት ጣቶች የማን እንደሆኑ ነገርኳት። ያጨበጨበችባቸውን መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

ጺማሙ ደወሉን ከነብሎኑ ይዞልኝ መጥቷል። ብቻውን አልመጣም፤ ሠራተኞችህም ተከትለውታል። ነገ ቢሮ ስትገባ ጸጥታው እንዳያስደነግጥህ።

እግዜር ዕድሜ ይስጥህ፤ ያጠፋኸውን ሁሉ ለማቃናት የሚበቃ። እኔ ባበላሸሁት ደወሌን እመታለሁ። ባንተ ጥፋት ግን፣ እናቴ እግሬ ላይ ብትወድቅ እንኳ፣ ከእንግዲህ “እኔ ነኝ” አልልም።

እህትህ